ብርቅዬ ወፍ ምንድን ነው? (ሽቦ ላይ ያያችኋት ሰማያዊዋ አይደለችም)

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ስልኬ ላይ አራት ጊዜ ገባ። ከአራት የተለያዩ ሰዎች። ድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር ወጣ ብሎ የመብራት ሽቦ ላይ ያረፈች ሰማያዊ ወፍ፤ ከጅራቷ ጫፍ ሁለት ቀጫጭን ላባዎች እንደ ክር ወርደዋል። ፎቶው ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ከሥሩ የተጻፈው ግን «በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ብርቅዬ ወፍ ድሬዳዋ ላይ ታየች! ሼር አድርጉ!» ይላል።

አቦ ተዉ።

ዝም ልል ነበር፣ አላስቻለኝም። «ይህቺ ወፍ እስከ ሴኔጋል ድረስ አለች» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ወዲያው መለሰልኝ፦ «ስሟ ራሱ አቢሲኒያን ሮለር ነው። የራሳችንን ነገር ለሌላ አሳልፋችሁ አትስጡብን።» ልብ በልብ አደረጉለት። እኔ ባንዳ ሆኜ ቀረሁ።

እሺ፣ በስም እንሂድ። ድሬ ሰማይ ላይ ነጭ ሆኖ፣ ክንፉ ጫፍና ጠርዝ ላይ ጥቁር፣ ፊቱ ቢጫ የሆነ ጥንብ አንሳ ታያላችሁ። የፈረንጅ ስሙ የግብፅ ጥንብ አንሳ ነው። ታዲያ የግብፅ ንብረት ነው? ከስፔን እስከ ሕንድ ይኖራል። በእኛ በኩል የሚበረውን የሶማሌ ቁራስ ምን እናድርገው? እርኩም እንኳን የአቢሲኒያን ስም ይዞ ሴኔጋል ድረስ ይሄዳል። የወፍ ስም መታወቂያ አይደለም። ሰማያዊዋ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1783 ነው። ያኔ አውሮፓ ተቀምጦ በላባ ላይ ስም የሚለጥፍ ሰው፣ ወፏ ከሰሃራ ግርጌ ያለውን አገር ከምዕራብ ዳር እስከ ምሥራቅ ዳር እንደያዘችው ከየት ያውቃል?

ግን እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ፎቶውን የለጠፈው ልጅ ብቻ አይደለም። ቃሉም አስቸጋሪ ነው። ትምህርት ቤት «የኢትዮጵያ ብርቅዬ እንስሳት» እያልን ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ብለን ሸምድደናል። እዚያ ላይ ብርቅዬ ማለት ከዚህ ሌላ የትም የማይገኝ ማለት ነው፤ ሳይንሱ ኤንደሚክ የሚለው። ቤት ውስጥ ደግሞ ብርቅ ማለት ስንት ጊዜ አንዴ የሚታይ ነገር ነው፤ ሁሌ ስላለ ነገር «ምን ብርቅ አለው?» እንላለን። ዜና ላይ ሲመጣ ደግሞ ሊጠፋ የተቃረበ ማለት ይሆናል። የት ነው ያለው? ስንቴ ይታያል? ስንት ቀረው? ሦስት ጥያቄ ነው፣ አንድ ቃል ይዘን ለሦስቱም እንመልሳለን። ዋልያ ሦስቱንም አንድ ላይ ስለያዘ ይመስለኛል ልዩነቱን ማንም ሳያስተምረን የቀረው። ጭላዳ ግን በመቶዎች ሆኖ ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል።

ወፍ ላይ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ የሄደ ሰው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ማጅራቱ ነጭ የሆነ ግራጫ ርግብ አይቷል። ያ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። ብርቅዬ ነው፣ ብርቅ ግን አይደለም። (በነገራችን ላይ «ከኢትዮጵያና ከኤርትራ» ያልኩት ለጨዋነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን በርከት ያሉ ወፎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ «የኢትዮጵያ ብቻ» ከሚለው ዝርዝር ወጡ። የድሮ መጽሐፍ ይዞ የሚከራከር ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት።)

እኔ ይህን ነገር ለሰው የማስረዳው በባቡር ነው። የድሬ ሰው ነኝ፣ ሌላ ምሳሌ አይመጣልኝም።

ድሬ ባቡር ጣቢያ ቆማችሁ ሰው ቁጠሩ። አንዱ ድሬ ተወልዶ ድሬ ያደገ፣ ሌላ ከተማ ዘመድ እንኳ የሌለው ሰው ነው። ኤንደሚክ ማለት እሱ ነው፤ ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ወንድሞቹ አሥር ይሁኑ ወይ ብቻውን ይቅር ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላው በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን ከጅቡቲ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍ ወይም እስከ በጋው መጨረሻ ተከራይቶ የሚከርም መንገደኛ ነው። ይሄ ፈላሽ ወፍ ነው። በነገሩ የወፎቹም መስመር በጅቡቲ ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ተነስተው በዓረብ ምድር የሚመጡት ትልልቅ አሞሮች ውሃ ላይ መብረር ስለማይወዱ በባብ ኤል መንደብ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነችው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ በኩል ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከክረምት በኋላ እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራ መዝግበዋል። ሦስተኛው ሰው እንቅልፍ ጥሎት መውረጃው ያለፈው ነው፤ ድሬ ላይ ነቅቶ ዓይኑን እያሸ «የት ነው ያለሁት?» የሚል። እኛ ወፍ የምናይ ሰዎች ደብተር ይዘን የምንሮጠው ለሱ ነው። መንገድ የሳተ ወፍ፣ እዚህ መገኘት የሌለበት ወፍ።

ልብ በሉ፦ የተኛው ሰው ለእኛ ብርቅ ነው፣ በአገሩ ግን ምንም ብርቅ የለውም። ሰፈሩን የሞላ ተራ ሰው ሊሆን ይችላል። የድሬው ተወላጅ ደግሞ በየቀኑ ስለምናየው ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ እሱ ከሞተ ግን ዘሩ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። ፎቶ ለጣፊዎቹ የሚያደርጉት መንገደኛውን አይተው «ይሄ የቤቱ ባለቤት ነው» ማለት ነው።

ምሳሌው እዚህ ጋ ማነከስ ይጀምራል፣ አውቃለሁ። ባቡር ሐዲድ አለው፣ ወፍ የለውም። ሰማያዊዋም ራሷ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ዝናብ እየተከተለች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የምትል ናት፣ ነዋሪም መንገደኛም ብሎ መወሰን ይከብዳል። ቲኬት የሌለው፣ ግን ተሳፋሪ። እንተወው።

ወደ አናዳጁ ክፍል ልመለስ። ያ ቢጫ ፊት ጥንብ አንሳ፣ ድሬ ላይ ማንም ቀና ብሎ የማያየው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዓለም ቀይ መዝገብ ላይ የመጥፋት አደጋ ያለበት ተብሎ ተመዝግቧል። ሕንድ ውስጥ ለከብት ይሰጥ የነበረ ዲክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት በሬሳው በኩል ጥንብ አንሳዎችን ጨረሰ። አውሮፓ ውስጥ መርዝ አለ። የኤሌክትሪክ ምሰሶም ይገድለዋል። ቡልጋሪያና ቱርክ ውስጥ መከታተያ የታሰረላቸው ወጣቶች በጋውን ለማሳለፍ ወደ እኛ አገር ሲመጡ በሳተላይት ታይተዋል። ራሱ መላጣ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ ደግሞ፣ ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ ዶሮ መስሎ የሚንጎራደደው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደረጃው ከዚያም ብሷል፤ ከመጥፋት በፊት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ይሄኛው ሁሌ ይታያል፣ በብዙ አገር አለ፣ ግን እያለቀ ነው። ብርቅዬ በሉት አልላችሁም፣ ብቻ ድንጋይ አትወርውሩበት።

ሐረር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ጊድር መጋላ ሥጋ ቤቶቹ ጋ የቆመ ሰው ጭልፊቶቹን ያውቃል፤ ከእጃችሁ ሥጋ ላፍ አድርገው ይሄዳሉ። አምና አንድ ወዳጄ እዚያ ያነሳውን ፎቶ ልኮ «ምንቃሩ ጥቁር ነው፣ ሌሎቹ ቢጫ ናቸው፣ ብርቅዬ አገኘሁ» አለኝ። ጥሩ ዓይን አለው፣ አደንቃለሁ። ምንቃረ ቢጫው የአፍሪካ ነው፤ ምንቃረ ጥቁሩ ክረምቱ ሲያልቅ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ዘመዱ ነው፣ እሱም በየዓመቱ ስለሚመጣ ብርቅ አይደለም። ግን ችግር አለ። የምንቃረ ቢጫው ጫጩትም ምንቃሩ መጀመሪያ ጥቁር ነው! ስለዚህ ጫጩት ከጎጆ በወጣበት ሰሞን በምንቃር ብቻ መፍረድ አይቻልም። ሰማያዊዋም እንዲሁ ናት፦ ወጣቷ ጅራቷ ላይ ክር የላትም፣ ክረምቱ ሲያልቅ የምታልፈው የአውሮፓዋ ዘመዷም የላትም፣ ሁለቱም ሽቦ ላይ ይቀመጣሉ። ሰው በሦስት ሜጋፒክስል ፎቶ ይፈርዳል።

ደግሞ «የኢትዮጵያ ብቻ» የሚለው ማዕረግ በራሱ ቋሚ እንዳይመስላችሁ። ነገሌ አጠገብ ሊበን ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 የተገኘች ሣር ውስጥ የምትሮጥ ቡናማ ትንሽ ወፍ ነበረች። የኢትዮጵያ ብቻ ተባለች፣ ስንኮራባት ኖርን። ከዚያ ጅግጅጋ አካባቢ፣ ከሐረር ብዙ ሳይርቅ፣ የምትመስላት ወፍ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመረመር የሊበኗም የጅግጅጋዋም ድሮ ሶማሌላንድ ውስጥ ከተገኘችው ጋር አንድ ዝርያ ናቸው ተባለ። ወፏ ያው ወፍ ናት፣ ሜዳዋም እየታረሰና ቁጥቋጦ እየዋጠው ነው፣ ማዕረጓን ግን በወረቀት አጣች። ያ «የራሳችንን ለሌላ አትስጡብን» ያለኝ ሰውዬ ይህን ቢሰማ ወረቀቱን የጻፉትን ባንዳ ይላቸው ነበር።

በሌላ ጫፍ ነጭ ሳር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 መንገድ ላይ ሞቶ ከተገኘ፣ በሌሊት ነፍሳት ከሚያድን ወፍ (የሌሊት ወፍ የምንላትን ማለቴ አይደለም፣ እውነተኛ ወፍ) አንድ ክንፍ ብቻ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ስም ወጣለት፤ የላቲን ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው። ብርቅዬም ብርቅም ማለት እንዲህ ነው። ሽቦ ላይ አይቀመጥላችሁም።

ለምን ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልቅ ነው ሰዉ ብርቅዬ የሚያገኘው? ሣሩ ረዝሟል፣ ነፍሳት ሞልቷል፣ የደቻቱ ወንዝ ዳር እንኳ አረንጓዴ ይታያል፣ መንገደኞቹ መግባት ጀምረዋል። ነዋሪዎቹም ልብስ ቀይረዋል። የመስቀል ወፍን ውሰዱ፤ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ» ይባላል። ወፉን አምተነዋል! ብዙ ቦታ የመስቀል ወፍ የሚባለው ቀይና ጥቁሩ፣ ወይም ቢጫና ጥቁሩ ወንድ፣ የትም አልሄደም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነበር፣ ድንቢጥ መስሎ፣ ቡናማ ለብሶ። ዝናቡ ሲመጣ ለሴቶቹ ብሎ ለበሰ፣ በጋ ሲገባ ያወልቃል። ለምን በዓመት አንዴ ብቻ እንደምናየው ግልጽ ነው፦ የምናየው ልብሱን ነው። (በየአካባቢው የመስቀል ወፍ የሚባለው ዝርያ ይለያያል፣ ሌላ ክርክር እንዳትከፍቱብኝ።)

ስለዚህ ፎቶ ስትለጥፉ ቀኑን፣ ቦታውን ጻፉ፣ ጅራቱንም ምንቃሩንም አሳዩ፣ «ብርቅዬ» የሚለውን ለኛ ተዉት። ከማጎሪያ ያመለጠ የቤት ወፍ እንዳይሆንም ጠይቁ፤ እሱንም እንደ ተአምር ሲቀባበሉት አይቻለሁ።

ፎቶውን ያነሳው ልጅ ኋላ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም፣ ሌሎቹንም ፎቶዎች ላከልኝ። በአንዱ ላይ ከሰማያዊዋ ኋላ፣ የምሰሶው ጫፍ ላይ፣ አቧራ የመሰለ ቡናማ ነገር ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። አሳድጌ አየሁት። ቢጫ ፊቱ ገና ያልወጣለት የዚያ ጥንብ አንሳ ወጣት ነው። «ይሄኛውን ለምን አልለጠፍከውም?» አልኩት።

«እሱማ ፎቶውን አበላሸብኝ፣ ቆርጬ ነው ያወጣሁት» አለኝ።