የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ትምህርት በትናንሽ የግል ኮሌጆች

የግል ኮሌጅ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አካውንቲንግ፣ ነርሲንግና አይቲ ነው። የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ከመንግሥት ግብርና ኮሌጆች ጋር ተያይዞ የኖረ ሙያ ነው፤ እነ አላጌ፣ ወረታና መርሳ የቀበሌ ልማት ሠራተኛ ያሠለጠኑት መሬትና ችግኝ ጣቢያ ይዘው ነው። ሙያውን የሚያስተምር ትንሽ የግል ኮሌጅ ግን ብዙውን ጊዜ ከተማ ውስጥ የተከራየ ፎቅ ነው፤ ተዳፋት መሬት የለውም። የሥልጠናው ችግር ባብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

በቴክኒክና ሙያ በኩል የገባ ሠልጣኝ በደረጃ ይማራል፤ ኮሌጁ ከሚሰጠው ውጤት ሌላ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ይጠብቀዋል። ለዲግሪ የሚማር ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተቀምጦ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ሆኖበታል። በቅዳሜና እሑድ ክፍል በሥራ ላይ ያሉ ዲኤዎች፣ ማለትም የቀበሌ ልማት ሠራተኞች፣ ይገኛሉ፤ እርከን በእጃቸው ያሠሩ ሰዎች ስለሆኑ ከነሱ ጋር የተመደበ ጀማሪ ዕድለኛ ነው።

የሙያው መለያ ሥራ ቅየሳ ነው። መሣሪያው ርካሽ ነው፦ 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሴንቲሜትር የተሰመረባቸው ሁለት ዘንጎች፣ አንድ ላይን ሌቭል፣ ማለትም ሲባጎው ላይ የሚሰቀል ባለ አረፋ ትንሽ የውሃ ልክ። ሦስት ሰው ይበቃዋል፤ ሁለቱ ዘንግ ይይዛሉ፣ ሦስተኛው መሃል ቆሞ አረፋውን ያነባል። አረፋው መሃል ሲገባ በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 ከመቶ ነው። የእርከኖቹ ርቀት ከዚህ ይሰላል፤ በ10 ከመቶ ተዳፋት ላይ በሁለት እርከኖች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት 1.5 ሜትር ካደረግን ርቀታቸው 15 ሜትር ይሆናል።

ስሌቱን ክፍል ውስጥ ሁሉም ይሠራዋል። ስህተቱ የሚመጣው ማሳ ላይ ነው። ላይን ሌቭሉ ከ5ኛው ሜትር ሸርተት ካለ ሲባጎው ስለሚረግብ ንባቡ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ዘንጉ ጓል ላይ ወይም ትልም ውስጥ ከቆመም እንዲሁ ነው። መሣሪያው ራሱ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ባለበት ቦታ አዙሮ መስቀልና አረፋው መሃል መቆየቱን ማየት ይበቃል፤ ይህን ሳያደርግ ወደ ማሳ የሚወጣ ቡድን ግን ብዙ ነው። በመስመሩ ላይ ዝቅ ያለ አንድ ቦታ ከቀረ የክረምቱ ውሃ እዚያ ይጠራቀምና እርከኑን ይበጥሳል፤ የላይኛው ሲበጠስ የታችኞቹ ይከተላሉ።

የአፈር እርከን ከቦዩ የወጣውን አፈር ወደ ታች በመጣል ይሠራል፤ ፋንያ ጁ ደግሞ ወደ ላይ በመወርወር። ስሙም ከስዋሂሊ የመጣ ሆኖ ይህንኑ ይላል። ለዚህም ነው በአገራችን የሥራ መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ) ሲያዝለት ፋንያ ጁ 200 የሚያዝለት። የአፈር እርከን ተጠቅጥቆ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ሊኖረው ይገባል። በቦዩና በክምሩ መካከል 25 ሳንቲሜትር ያህል ያልተነካ መሬት ይተዋል፤ ያለዚያ አፈሩ ተመልሶ ቦዩን ይሞላል። ለተግባር ልምምድ በወጡ ሠልጣኞች እርከን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መጠቅጠቁ ነው፤ ክምሩ ለዓይን ይሞላል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ያሟሟዋል። ውሃ በሚቋጥር የዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ደልዳላ እርከን ውሃ አቁሮ ሰብሉን ይጎዳል፤ ትርፉን ውሃ የሚያስወግድ ዘንበል ያለ እርከንና የተዘጋጀ የውሃ መውረጃ ያስፈልገዋል። መውረጃው ከተዘነጋ እርከኑ ራሱ ቦረቦር ይፈጥራል።

ለችግኝ ሥራ መሬት ሰበብ አይሆንም፤ 1 በ10 ሜትር የሆነ አንድ መደብ በግቢ ጥግ ይበቃል። የሚያስቸግረው የቀን አቆጣጠሩ ነው። ጽድና ወይራ ቀድመው መዘራት አለባቸው፤ ተከላው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ሲደርስ መደበኛው ተማሪ እረፍት ወጥቷል። ስለዚህ ላስቲኩን ሳይቀድ የተከለ፣ ሥሩ ተጠምዝዞ ሲደርቅበትም ያላየ ተመራቂ ይገኛል። የእርከን ሥራ ግን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ጥርና የካቲት ላይ ስለሚዘመት ከትምህርት ዘመኑ ጋር ይገጥማል፤ ብልህ ኮሌጅ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ ተማሪዎቹን በዚያ ወቅት ዘመቻው ላይ ያሰማራል።

ሊመዘገብ የሚመጣ ሰው የዕውቅና ፈቃዱ ለዚያው ካምፓስ፣ ለዚያው የትምህርት መስክና ለሚማርበት መርሐ ግብር የተሰጠ መሆኑን በደብዳቤው ላይ ያንብብ። ቀጥሎ የመሣሪያ ክፍሉ እንዲከፈትለት ይጠይቅ። ለ30 ተማሪ አንድ ላይን ሌቭል ብቻ ካለ 27ቱ ቆመው ያያሉ።