በብሪታንያ የቁጠባ ወለድ የግብር መዝገብ፤ ስሕተቱ ከየት እንደሚገባና እንዴት እንደሚታረም

ብሪታንያ ውስጥ ገንዘቡን ባንክ ወይም ቢልዲንግ ሶሳይቲ (እንደ ባንክ ቁጠባ የሚቀበል የአባላት ድርጅት) ያስቀመጠ ሰው በዓመት ምን ያህል ወለድ እንዳገኘ የግብር መሥሪያ ቤቱ ኤችኤምአርሲ በአብዛኛው የሚሰማው ከባንኩ ነው። እስከ 2016 ድረስ ባንኩ ራሱ 20 በመቶ ቆርጦ ገቢ ያደርግ ስለነበር ጉዳዩ ለብዙ ሰው እዚያው ያልቅ ነበር (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከኤፕሪል 6 ቀን 2016 ወዲህ ግን ወለዱ ሳይቆረጥ ይከፈላል። የግብር ዓመቱ ከኤፕሪል 6 እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 5 ሲሆን፣ ባንኮች የእያንዳንዱን ደንበኛ ወለድ እስከ ጁን 30 ዘርዝረው ለኤችኤምአርሲ ያስተላልፋሉ። እሱም ዝርዝሩን ከየሰዉ መዝገብ ጋር ያዛምድና የሚከፈል ግብር ካለ የግብር ኮዱን (አሠሪው ከደመወዝ ምን ያህል ግብር እንደሚቆርጥ የሚነግረውን ምልክት) ይቀይራል ወይም የሒሳብ ደብዳቤ ይልካል። ስሕተት በዚህ ሰንሰለት በየትኛውም ቦታ ሊገባ ይችላል። የተሳሳተው የባንኩ መረጃ ሆኖ ሳለ የኤችኤምአርሲ መዝገብ ብቻ ከታረመ፣ በሚቀጥለው ጁን ያው ስሕተት እንደገና ይላካል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን መሥራት

ለስሕተት ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት ስሕተት መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ደብዳቤ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። በ2025/26 የግብር ዓመት ገቢው ከ100,000 ፓውንድ ያላለፈ ሰው ከጠቅላላ ገቢው የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ መደበኛውን 20 በመቶ የሚከፍል ሰው 1,000 ፓውንድ ወለድ ያለ ግብር ያገኛል፤ 40 በመቶ የደረሰ 500፤ 45 በመቶ የደረሰ ምንም የለውም። በደመወዝም ሆነ በጡረታ የሚያገኘው ከ17,570 ፓውንድ በታች ለሆነ ሰው ደግሞ እስከ 5,000 ፓውንድ የሚደርስ ሌላ ከግብር ነጻ የወለድ መጠን አለ። ይህ መጠን ገቢው ከ12,570 ባለፈ ቁጥር ፓውንድ በፓውንድ ይቀንሳል። ለምሳሌ 15,000 ፓውንድ ደመወዝ ያለው ሰው ከ5,000ው 2,570 ይቀርለታል፤ 1,000ው ሲጨመርበት 3,570 ፓውንድ ወለድ ያለ ግብር ይወስዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የ500ና የ1,000 ድንበር ላይ ነው። ድንበሩን የሚወስነው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ወለዱም ተደምሮበት ነው። ደመወዙ 49,800፣ ወለዱ 900 ፓውንድ የሆነ ሰው ድምሩ 50,700 ስለሚሆን 40 በመቶው ከሚጀምርበት ከ50,270 አልፏል። ስለዚህ ያለ ግብር የሚያገኘው 500 ብቻ ነው፤ በቀሪው 400 ላይ 40 በመቶ ማለትም 160 ፓውንድ ይከፍላል። ይህን የማያውቅ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው «ከ1,000 በታች ነኝ» ብሎ ይከራከራል፤ ክርክሩ ግን መሠረት የለውም።

የተለመዱት ስሕተቶች

ከሁሉ የሚበዛው ግምት ነው። ኤችኤምአርሲ የዘንድሮን ወለድ ስለማያውቅ ባለፈው ዓመት ባንኩ የላከውን ቁጥር ወስዶ ዘንድሮም ያው ይሆናል ብሎ ኮዱን ያወጣል። ከነጻው መጠን በላይ 600 ፓውንድ ወለድ ይኖራል ብሎ ከገመተ መደበኛው 1257ኤል ወደ 1197ኤል ይወርዳል፤ ከ12,570 ላይ 600 ተቀንሶ ማለት ነው። ገንዘቡ ቤት ተገዝቶበት ወይም አገር ቤት ተልኮ ካለቀ ግምቱ ባዶ ሆኗል፤ ከደመወዙ ግን በየወሩ ይቆረጣል። ይህ በኤችኤምአርሲ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ላይ ባለው የግል የግብር ገጽ የወለድ ግምቱን በማስተካከል ይፈታል። አዲሱ ኮድ በቀጥታ ለአሠሪው ይላካል፤ በትርፍ የተቆረጠውም በሚቀጥለው ደመወዝ ይመለሳል። ከኮዱ ኋላ ዳብልዩ1፣ ኤም1 ወይም ኤክስ ካለ ግን ደመወዙ ለየወሩ ተነጥሎ ስለሚሰላ ያለፉት ወራት ትርፍ ተመላሽ አይሆንም፤ ኮዱ እስኪስተካከል ወይም ዓመቱ እስኪያልቅ ይጠበቃል።

የጋራ ሒሳብ ሌላው ነው። ባልና ሚስት አብረው የከፈቱት ሒሳብ ወለድ ለሁለት እኩል ይከፈላል። 1,600 ፓውንድ ወለድ በስሕተት ለአንዳቸው ብቻ ከተመዘገበና እሱ መደበኛ ከፋይ ከሆነ በ600ው ላይ 120 ፓውንድ ግብር ይመጣበታል፤ 800፣ 800 ሆኖ ቢመዘገብ ኖሮ ሁለቱም፣ ሌላ ወለድ ከሌላቸው፣ አንድም አይከፍሉም። ባልና ሚስት ባልሆኑ ሰዎች መካከል ግን እያንዳንዱ ያስገባው ገንዘብ ልክ ሊታይ ይችላል፤ ለዚህም ማስረጃ ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን የሚከብደው የስም ጉዳይ ነው። ባንኩ የሚልከውን ዝርዝር ከሰዉ ጋር ለማዛመድ ስም፣ አድራሻና የትውልድ ቀን ብዙ ይወስናሉ። የኛ ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም። አንዱ ቅጽ ላይ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ስም በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል። የትውልድ ቀኑም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ይዛነፋል፤ ወይም ቀኑ ሳይታወቅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ የሰውየው ወለድ ሳይዛመድለት ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ስሙና አድራሻው የሚቀራረብ የሌላ ሰው ወለድ ይመዘገብበታል። የመጀመሪያው ትርፍ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ግብሩን የማሳወቅ ግዴታ የባለወለዱ ነው፣ ሲደረስበትም ቅጣት ሊከተል ይችላል። መፍትሔው በናሽናል ኢንሹራንስ ደብዳቤው፣ በፓስፖርቱና በባንኩ ሒሳብ ላይ ያለውን ስምና ቀን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፤ ቀድሞ ባንኩ ጋ፣ ቀጥሎ ኤችኤምአርሲ ጋ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። የዕቁብ ገንዘብ በዕቁቡ ዳኛ የግል ቁጠባ ሒሳብ ከተቀመጠ ባንኩ ወለዱን ሁሉ በዳኛው ስም ይልካል። ወለዱ የማን እንደሆነ የሚያሳይ የተፈረመ መዝገብ ከሌለ ዳኛው ግብሩን ለብቻው ይሸከማል። ወላጅ ለልጁ በሰጠው ገንዘብ የመጣ ወለድም በዓመት ከ100 ፓውንድ ካለፈ በሙሉ እንደ ወላጁ ገቢ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በልጅ ስም መከፈቱ ብቻ አያድንም።

የዓመት መዛነፍ የሚታየው በጊዜ ገደብ ቁጠባ ላይ ነው። ወለዱ ሊወጣ የማይችልና መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ የሚከፈል ከሆነ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ወለድ የሚቆጠረው በተከፈለበት ዓመት ነው፤ በአንድ ጊዜ ሲመጣም ከ1,000 ሊያልፍ ይችላል። በየዓመቱ ሒሳቡ ላይ ገብቶ ባለቤቱ ሊያወጣው የሚችል ወለድ ግን በየዓመቱ ይቆጠራል። ባንኩ ከእነዚህ አንዱን ትቶ ሌላውን ልኮ ከሆነ የውሉ ጽሑፍ ዋናው ማስረጃ ነው።

የአይሳ (ከግብር ነጻ የሆነ የቁጠባ ሒሳብ) ወለድና የፕሪሚየም ቦንድ (በወለድ ፋንታ ዕጣ የሚወጣበት የመንግሥት ቁጠባ) ሽልማት ግብር ስለሌለባቸው በዝርዝሩ ውስጥ ከታዩ ይሰረዛሉ። በሌላ በኩል ብሪታንያ የሚኖር ሰው ኢትዮጵያ ባለ ባንክ ያገኘው ወለድ ብሪታንያ ያሉ ባንኮች በሚልኩት ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ባለቤቱ ራሱ ሊያሳውቅ ይገባዋል።

ማረሚያው

በመጀመሪያ ከየባንኩ የዓመቱን የወለድ መግለጫ መጠየቅ ነው፤ በየዓመቱ በራሱ ላይመጣ ይችላል። በዓመቱ መካከል የተዘጉ ሒሳቦችም መካተት አለባቸው፤ ድምሩ አልገጥም የሚለው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ኤችኤምአርሲ የያዘውን ድምር ከመግለጫዎቹ ጋር ማመሳከር፣ ልዩነቱ ከየትኛው ባንክ እንደመጣ መለየት። የባንኩ መግለጫ ራሱ ከተሳሳተ ባንኩ የታረመ መረጃ እንዲልክ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ በስምንት ሳምንት ካልፈታ ጉዳዩ በባንክና በደንበኛ መካከል ያለ ቅሬታ ወደሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሊወሰድ ይችላል። መግለጫው ትክክል ሆኖ ኤችኤምአርሲ የያዘው ከተለየ ቅጂው ለኤችኤምአርሲ ይቀርባል።

ደብዳቤው ፒ800 ከሆነ የሒሳብ ማሳወቂያ ነው፤ የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ ከጁን ጀምሮ ይላካል። ያልተከፈለው ግብር ከ3,000 ፓውንድ በታች ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ኮድ ይሰበሰባል። ሲምፕል አሰስመንት የሚባለው ግን የክፍያ ትእዛዝ ነው። በ60 ቀን ውስጥ መቃወም ይቻላል፤ መልሱ ካላረካ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይቀርባል። የክፍያው ቀን በተለምዶ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጃንዋሪ 31 ሲሆን፣ ደብዳቤው ከኦክቶበር 31 በኋላ ከተጻፈ ሦስት ወር ይሰጣል። 60ው ቀን በስልክ ወረፋና በፖስታ እንዳያልቅ በጽሑፍ መላክና ቅጂ ማስቀረት ብልህነት ነው።

ከቁጠባና ከኢንቨስትመንት ከ10,000 ፓውንድ በላይ ያገኘ ሰው ራሱ ግብሩን አስልቶ ቅጽ መሙላት አለበት፤ ለዚህም ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከሚመጣው ኦክቶበር 5 ድረስ ይመዘገባል። የተላከ ቅጽ ከመላኪያው ጃንዋሪ 31 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ሊታረም ይችላል። ከዚያ ያለፈ ትርፍ ክፍያ የሚጠየቀው ዓመቱ ካለቀ እስከ አራት ዓመት ነው፤ የ2021/22 ትርፍ እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2026 ማለት ነው። ዛሬም 20 በመቶ ተቆርጦ የሚከፈል ወለድ አለ፤ ለምሳሌ የፒፒአይ (ያለ አግባብ የተሸጠ የብድር ክፍያ ዋስትና) ካሣ ሲከፈል አብሮ የመጣው ወለድ። ከዚህ በትርፍ የተቆረጠውን፣ የዓመት የግብር ቅጽ የማይሞላ ሰው አር40 በተባለው የተመላሽ መጠየቂያ ቅጽ ይጠይቃል፤ ገደቡም ያው አራት ዓመት ነው።

አንዳንዱ ሰው «መረጃው እጃቸው ላይ ነበር፣ ስለዚህ ዕዳው ይሰረዝልኝ» ይላል። ኤችኤምአርሲ መረጃ ደርሶት በጊዜው ሳይጠቀምበት ሲቀር ዕዳ የሚምርበት ኤ19 የተባለ አሠራር አለ። ይህ የሚሠራው መረጃውን ግብር ከፋዩ ራሱ፣ አሠሪው ወይም የጡረታና የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ሲያቀብል ነው፤ ከባንክ የመጣ የወለድ ዝርዝር ከእነዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ባለወለዱ ራሱ አሳውቆ ከነበረ ግን የላከበትን ቀንና ቅጂ ይዞ ሊጠይቅ ይችላል።