ተጠባባቂ ሰዓትና የዘፈቀደ ቁጥር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከርነል (የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ለምስጢር ቁልፎች የሚሆን የዘፈቀደ ቁጥር ከሚያገኝባቸው ምንጮች አንዱ ጊዜ ነው። የኪቦርድ ቁልፍ ሲነካ፣ ዲስክ ምላሽ ሲሰጥ፣ የኔትወርክ መልእክት ሲደርስ በፍጥነት የሚቆጥረውን የፕሮሰሰሩን ቆጣሪ ያነብና ንባቡን የዘፈቀደ ነገር ከሚሰበስብበት ማጠራቀሚያ ጋር ያዋህዳል። ፕሮሰሰሩ ቆጣሪ ከሌለው ግን ሌላ ሰዓት መተካት ግድ ነው። ስለ ተተኪው፣ ማለትም ስለ ተጠባባቂው ሰዓት ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል።

«ቆጣሪ የሌለው ፕሮሰሰር የለም።»
አለ። በአብዛኞቹ ፒሲዎች ውስጥ ባለው የኤክስ86 ፕሮሰሰር ቤተሰብ ቆጣሪው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ከፔንቲየም ጋር ነው፤ 486 አልነበረውም።

«ሰዓቱ ትክክለኛ መሆን አለበት።»
በፍጹም። ሰዓቱ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቢቀርም ለዚህ ሥራ ጉዳት የለውም። ወሳኙ ነገር ምን ያህል ደቃቅ ሆኖ ይቆጥራል የሚለው ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ የሚቆጥር ሰዓት በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ለተከሰቱ ነገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። በ3 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ቆጣሪ በዚያው ጊዜ 30 ሚሊዮን እርምጃ ይቆጥራል። መልእክቱ የደረሰበትን ጊዜ በግምት የሚያውቅ አጥቂ የመጀመሪያውን በቀላሉ ይደርስበታል፤ ሁለተኛውን ግን መገመት ይከብደዋል።

«ቆጣሪ ከሌለ ዜሮ መመለስ ይበቃል።»
የሊኑክስ ከርነል በአንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ለዓመታት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እኔ ግን ስንፍና እለዋለሁ። ዜሮ ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆነ ጊዜው ለማጠራቀሚያው ምንም አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2022 የሊኑክስ ገንቢ ጄሰን ዶነንፌልድ ባስገባው ለውጥ ከርነሉ በዜሮው ፈንታ ጊዜ የሚጠብቅበትን የራሱን ሰዓት ማንበብ ጀመረ።

«ደካማ ምንጭ ማጠራቀሚያውን ያበላሻል።»
በአግባቡ የተዋሃደ ደካማ ንባብ የነበረውን አይቀንስም። አደጋው ያለው የተሰበሰበው ዘፈቀደነት በቢት በሚቆጠርበት ሂሳብ ላይ ነው፤ ንባቡ የሌለውን ቢት እንዳለው አድርጎ መመዝገብ።

«የፕሮሰሰሩ የዘፈቀደ ቁጥር መመሪያ (ፕሮሰሰሩ ራሱ የዘፈቀደ ቁጥር እንዲሰጥ የሚያዝ ትእዛዝ) ሁሉንም ይተካል።»
እ.ኤ.አ. በ2019 የኤኤምዲ ራይዘን 3000 ፕሮሰሰሮች መመሪያ ሁሉም ቢቶቹ 1 የሆኑበትን ቁጥር ደጋግሞ ሲመልስ ተገኝቷል። በእርሱ ብቻ የተማመነ ምን ይቀረው ነበር?

«ትንሽ ከተጠበቀ ማጠራቀሚያው በራሱ ይሞላል።»
እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ቁልፋቸው የተሠራበትን ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ከሌላ መሣሪያ ጋር የተጋሩ ብዙ የኔትወርክ መሣሪያዎችን አገኙ፤ ቁልፉን ያወጡት ገና ሲነሱ፣ በቂ የዘፈቀደ ነገር ሳይሰበስቡ ነበር። ሊኑክስ ከ5.4 ቅጂ ጀምሮ በዚህ ጊዜ ከሥራው መወዛወዝ፣ ማለትም ሥራው ከሚወስደው ጊዜ ጥቃቅን መለዋወጥ፣ የዘፈቀደ ነገር ለመሰብሰብ ይሞክራል። የዚህ ዘዴ የመጀመሪያ ቅጂ ቆጣሪውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ንባቡ ካልተለወጠ ሙከራውን ይተው ነበር። የኋለኛው አስቀድሞ ቆጣሪው ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ይለካል፤ ዘገምተኛ ከሆነ ለአንድ ቢት ብዙ ንባብ ይጠይቃል፤ ከልክ ያለፈ ዘገምተኛ ከሆነ ግን አሁንም ይተወዋል።