ስለ ዘቢብ፣ ወይንና ቴምር፦ የምንፈራው ሌላ፣ የሚጎዳን ሌላ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ወርዳችሁ ዘቢብ ስትገዙ አጠገባችሁ የቆመ ሰው ሁሉ ምክር አለው። "ቢጫውን ተዪው፣ ኬሚካል ነው።" "ጥቁሩን ውሰጂ፣ ደም ይሆንሻል።" "ምን ያሳጥብሻል፣ ፀሐይ የመታው ነገር ጀርም የለውም።" ሐረር ሸዋ በርም ብትሄዱ ያው ነው። ሰው ለሰው አስቦ ነው የሚናገረው፣ እሱን አልነቅፍም። ግን ቀለሙን አይተን እንደነግጥና ሻጋታውን ጠራርገን እንበላለን። ስለ ስኳሩ እንጨነቅና ለሁለት ዓመት ልጅ ድፍን ወይን እጁ ላይ እናስይዛለን። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ስለዚህ በየቦታው የምሰማውን አንድ በአንድ ልሂድበት።

"ቢጫው ዘቢብ ቀለም የተቀባ ነው"

አልተቀባም። ቢጫውም ጥቁሩም ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከአንድ ዓይነት ወይን ነው፤ ቶምሰን ሲድለስ ከሚባለው ውስጡ ፍሬ ከሌለው አረንጓዴ ወይን። ጥቁሩ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ለሳምንታት ፀሐይ ይመታዋል፣ እዚያው እየደረቀ ይጠቁራል። የተላጠ ሙዝ ሲቆይ የሚጠቁረው ዓይነት ነገር ነው። ቢጫው ግን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በሚባል ጋዝ ይታጠንና በማሽን ሙቀት ይደርቃል። ጋዙ መጥቆሩን ያስቆመዋል።

ስለዚህ "ኬሚካል አለው" የሚሉ ሰዎች ግማሹን እውነት ይዘዋል። የቀረው ግማሽ ማንን ይጎዳል የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው በልቶት ምንም አይሆንም። አስም ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ። ከአስም ሕመምተኞች መካከል ከ3 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ሰልፋይት (ከዚህ ጋዝ ዘቢቡ ውስጥ የሚቀረው ነገር) ሕመሙን ይቀሰቅስባቸዋል፣ ደረታቸው ይጠባል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1986 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ጥሬ በሚበሉ አትክልትና ፍራፍሬዎች ላይ ሰልፋይት መጠቀምን የከለከለችው ሰዎች በዚሁ ምክንያት ታመው፣ የሞቱም ስለነበሩ ነው። ማጠብ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አያስወጣውም። እኛ በኪሎ ስለምንገዛ ማሸጊያውን አናየውም። ቤታችሁ አስም ያለበት ሰው ካለ ሻጩን "ካርቶኑን አሳየኝ" በሉት። "ሰልፋይት" ወይም ከ220 እስከ 228 ያለ ቁጥር ከተጻፈበት ለሱ አትግዙ፣ ጥቁሩን ውሰዱ። ሌላው ሰው ቢጫውን ያለ ስጋት ይብላ።

"ፀሐይ ላይ የደረቀ ነገር ጀርም የለውም"

ማድረቅ ውሃውን ያወጣል። ወይን ከመቶ 80 እጁ ውሃ ነው፣ ዘቢብ ሲሆን ወደ 15 ይወርዳል። ውሃ ከሌለ ባክቴሪያ አይራባም። ይሞታል ማለት ግን አይደለም፣ ሳልሞኔላ ደረቅ ምግብ ላይ ለብዙ ጊዜ መቆየት ይችላል። ቫይረስ ደግሞ መራባትም አያስፈልገው፣ ተለጥፎ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። በፈረንጆቹ 2021 እንግሊዝ አገር ብዙ ሰው በሄፓታይተስ ኤ ታሞ ሲጣራ ምንጩ ከዮርዳኖስ የመጣ መጁል ቴምር ሆኖ ተገኘ። ይህ ጉበት የሚያሳምም ቫይረስ ከሽንት ቤት መልስ ባልታጠበ እጅ ወይም በተበከለ ውሃ ነው ምግብ ላይ የሚደርሰው።

እና ክፍት ጆንያ ውስጥ ስንት እጅ የገባበትን ቴምር በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ፣ ሳያጥቡ መጉረስ ምን ይባላል? እጠቡት አቦ! ንጹህ ውሃ አፍስሱበት፣ በእጃችሁ አሸት አሸት አድርጉት፣ አጥልሉት። ግን ልትበሉት ስትሉ ብቻ። አጥቦ ማስቀመጥ ካለማጠብ የባሰ ነው፤ የወጣውን ውሃ መልሳችሁለት በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል።

"ትንሽ ሻጋታ ምን ታደርጋለች፣ ጠርገህ ብላ"

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ዋናው ይሄ ነው።

ወይን ላይ የሚወጣ አስፐርጂለስ ካርቦናሪየስ የሚባል ጥቁር ሻጋታ አለ። የሚጀምረው ገና እርሻው ላይ ነው፤ ዝናብ ወይም ነፍሳት የወይኑን ቆዳ ሲሰነጥቁት ይገባል። ጥቁርነቱ ራሱ ጋሻው ነው፣ የፀሐይ ጨረር እንደ ሌላው ሻጋታ አይገድለውም። ስለዚህ ፀሐይ ላይ መስጣት እሱን አያጠፋውም፣ ተፎካካሪዎቹ ሲሞቱ እንዲያውም ሜዳው ለሱ ይቀራል። ይህ ሻጋታ ኦክራቶክሲን ኤ የሚባል መርዝ ይሠራል፤ በተለይ ኩላሊትን ነው የሚጎዳው። የአውሮፓ ኅብረት በኪሎ ዘቢብ ውስጥ ከ8 ማይክሮግራም በላይ እንዳይገኝ ይከለክላል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ምን ያህል እንደሚፈሩት ከዚህ ይታያል።

የደረቀ በለስ ላይ ደግሞ ሌላ ሻጋታ የሚሠራው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ለኛ ግን አፍላቶክሲን በለስ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ባቢሌ፣ ጉርሱም፣ ፈዲስ የሚመረተው ኦቾሎኒ ላይ ተመራማሪዎች ደጋግመው አግኝተውታል። እኛ ደግሞ ዘቢብና ኦቾሎኒ ቀላቅለን ለልጅ ትምህርት ቤት መክሰስ እናስይዛለን። ኦቾሎኒም ዘቢብም ጥሩ ምግብ ናቸው፣ አትስጡ አላልኩም። ግን የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ ሲቀምሱት የሚመረውን ኦቾሎኒ ልቀሙና ጣሉ። አፍላቶክሲን ጉበት ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ያረጋገጠው ነገር ነው።

"እንቆላዋለን፣ እንቀቅለዋለን" የሚል መልስ ይመጣል። እሳት ሻጋታውን ይገድላል፣ ሻጋታው አስቀድሞ ሠርቶ የተወውን መርዝ ግን እዚያው ይተወዋል። አፍላቶክሲን በደንብ የሚፈርሰው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ በመቀቀል የትም አንደርስም። መጥረግም የሚያነሳው የሚታየውን ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትንሽ ትንሽ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት አፍንጫችሁን አስጠጉ፤ የምድር ቤት ሽታ፣ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ካለው ተዉት። እርስ በርሱ ተጣብቆ የረጠበውን አትውሰዱ። ቤት ስትደርሱ ከፌስታል አውጡና ደረቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ እርጥብ እጅ አታስገቡበት። የድሬ ሙቀት ላይ ፍሪጅ ካላችሁ ፍሪጅ ይሻላል፤ ነቀዝና የእህል ብልም እዚያ አይራቡም። ለቤተ ክርስቲያን ከጧፍና ከዕጣን ጋር የምታስገቡትም ዘቢብ ቢሆን ሰው የሚቀበለው ነው፣ ለቁልቢ ብላችሁ ከወራት በፊት ገዝታችሁ ሙቅ ቦታ አታቆዩት።

"ላዩ ላይ ነጭ ነገር ካለ ሻግቷል"

ሁልጊዜ አይደለም። ዘቢብና ቴምር ሲቆዩ የራሳቸው ስኳር ወደ ላይ ወጥቶ ይነጣል። ሲነኩት እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስታደርጉት ይሟሟል። ይሄ ይበላል። እንደ ጥጥ ጸጉር ያለውና የሚሸተው ግን ሻጋታ ነው። ትኩስ ወይን ላይ የምታዩት አቧራ የመሰለ ነጭ ነገርም ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ሰም ነው፣ መድኃኒት ተረጭቶ የቀረ አይደለም። ቢሆንም ወይኑን እጠቡት፣ የተረጨው መድኃኒት ዓይን ላይ አይታይም።

"ጥቁር ዘቢብ ደም ማነስን ያድናል"

እናቶቻችን በሙሉ ልብ ይሉታል፤ ነፍሰ ጡር ስትሆኑ አንድ ፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ቁጥሩን እንየው። 100 ግራም ዘቢብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ 1.9 ሚሊግራም ነው። አንድ ጭብጥ 30 ግራም ቢሆን ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ታገኛላችሁ። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊግራም ይመከርላታል። ያንን ከዘቢብ ብቻ ለማግኘት በየቀኑ ኪሎ ተኩል ሊጠጋ የሚችል መብላት አለባት፣ ያም ሆኖ ከዕፅዋት የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ደም ማነስ ካለባችሁ ተመርመሩ፣ ጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁን የብረት ኪኒን ዋጡ። ምስር በሎሚ፣ ጉበት ከተገኘ ጉበት። ዘቢቡን ስለሚጣፍጥ ብሉት።

"የፍራፍሬ ስኳር ስለሆነ ስኳር በሽተኛን አይነካም"

ይነካል። 100 ግራም ትኩስ ወይን ውስጥ 16 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ 100 ግራም ዘቢብ ውስጥ ግን ከ60 ግራም ያላነሰ። ውሃው ስለወጣ ነው። አንድ ጭብጥ ዘቢብ አራት አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው።

በሌላ በኩል "ስኳር በሽተኛ ቴምር ከነካ አለቀለት" የሚሉም አሉ፣ እሱም ልክ አይደለም። የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ተመራማሪዎች በ2011 አምስት ዓይነት ቴምር ለጤነኞችና ለዓይነት ሁለት ስኳር ሕመምተኞች አብልተው ለኩ። ስኳር ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት መለኪያው ከ55 ገደማ አላለፈም፤ ንጹህ ግሉኮስ 100 ነው። በሽተኞቹም ላይ የተለየ አደገኛ ጭማሪ አልታየም። ስለዚህ ለማፍጠሪያ አንድ ሁለት ፍሬ ቴምር፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ ይቻላል። ሳህኑን ይዞ መቀመጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

"ዘቢብ ጥርስ ያበሰብሳል" እና "ዘቢብ ጥርስ ያጸዳል"

ሁለቱንም ሰምቻለሁ። በ2005 ቺካጎ ላይ የተሠራ ጥናት ዘቢብ ውስጥ ያለ ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባል ነገር ጥርስ የሚያቦረቡረውን ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ እንደሚያዳክም አሳየ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ገንዘቡን የሰጠው ግን የካሊፎርኒያ ዘቢብ ገበያ ቦርድ ነበር። ጥናቱ ውሸት ነው አልልም፣ ግን በቤተ ሙከራ ጠርሙስና በልጅ አፍ መካከል ብዙ ርቀት አለ። ልጆች ከበሉ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ፣ ማታ ጥርሳቸውን ይቦርሹ።

"የወይን ፍሬ ከዋጥክ ትርፍ አንጀት ትሆናለህ"

ዘይቱንና ቲማቲምም በዚህ ይከሰሳሉ። ቱርክ ውስጥ ትርፍ አንጀታቸው የወጣላቸው 1,969 ሰዎች ሲታዩ የፍራፍሬ ዘር የተገኘው በአንድ ሰው ብቻ ነው። በሰላም ብሉ።

"ወይን ለስላሳ ነው፣ ልጅ አይታነቅበትም"

ለስላሳ መሆኑ ነው አደጋው። ድፍን ወይን ክብ ነው፣ ያሟልጫል፣ ሲጫኑት ቅርጹን እየለወጠ የሕፃን የአየር ቧንቧን ልክ እንደ ክዳን ይደፍነዋል። ትንንሽ ልጆች የሚፈጭ መንጋጋ ገና የላቸውም፣ ሳላቸውም ደካማ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በምግብ ታንቀው እንዲሞቱ ከሚያደርጉ ነገሮች ወይን ከዋናዎቹ እንደሚመደብ የስኮትላንድ ሐኪሞች ጽፈዋል።

ወይኑን በርዝመቱ አራት ቦታ ሰንጥቁት። በወርዱ ብትቆርጡት ክብ ሆኖ ይቀራል፣ ምንም አልሠራችሁም። ዘቢብም ለትንንሾቹ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ድፍኑንና ደረቁን አትስጡ፤ አለስልሱና ከትፋችሁ ገንፎው ውስጥ ጨምሩለት። ሲበላ ይቀመጥ፣ እየሮጠ አይብላ። ከታነቀና መሳል ካቃተው ውሃ አታጠጡት፣ ጣታችሁንም በጭፍን አታስገቡ። ወደ ፊት ደፍታችሁ ትከሻና ትከሻው መካከል በመዳፋችሁ አምስት ጊዜ በደንብ ምቱት፣ እየመታችሁ እርዳታ ጥሩ።

"ሰው የበላውን ውሻ ቢበላ ምን ይሆናል"

ግቢያችሁ ውሻ ካለ ይሄን በደንብ አንብቡ። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያቆም ይችላል። በ2005 የወጣ ጥናት ወይን ወይም ዘቢብ በልተው ኩላሊታቸው የተጎዳ 43 ውሾችን ታሪክ ሰብስቦ ነበር፤ የተረፉት ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያሉት ናቸው። ለእያንዳንዱ ኪሎ የውሻ ክብደት ሦስት ግራም የማይሞላ ዘቢብ እንኳ ጉዳት ያደረሰበት ጊዜ አለ። አሥር ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ያ አንድ ጭብጥ ነው።

"የኔ ውሻ በልቶ ምንም አልሆነም" የሚል ሰው ዋሽቶ አይደለም። አንዱ ሲሞት ሌላው ለምን ደህና እንደሚሆን ለብዙ ዓመታት ሐኪሞቹንም ግራ ሲያጋባ ኖሯል። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በእንስሳት መርዝ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ፍንጭ አገኙ። ቤት ውስጥ የተቦካ የልጆች መጫወቻ ሊጥ የበላ ውሻ ልክ ወይን እንደበላ ሆኖ ታመመ፣ ሊጡ ውስጥ ደግሞ ከታርታሪክ አሲድ የሚሠራ የመጋገሪያ ዱቄት ነበረበት። ይኸው አሲድ ወይን ውስጥ በብዛት አለ፤ መጠኑ ግን በወይኑ ዓይነትና በብስለቱ ይለያያል። የሰው ሰውነት ይወጣዋል፣ የውሻ ኩላሊት ግን አይችለውም ተብሎ ይታሰባል። አሁን ዋነኛው ተጠርጣሪ እሱ ነው።

ለኛ ከባዱ ነገር ይህ አሲድ በብዛት ያለበት ሌላው ፍሬ ሮቃ መሆኑ ነው፣ ሁመር የምንለው። እነዚያው ሐኪሞች ሮቃ በልተው በዚያው መንገድ የታመሙ ውሾችም አግኝተዋል። ድሬ ደግሞ ሮቃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ የሚጠጣበት አገር ነው። ጭማቂውን ካጠለላችሁ በኋላ የቀረውን አተላ ግቢ ውስጥ አትድፉት፣ ዘቢብ ያለበት የተረፈ ሩዝም ለውሻ አትስጡ። ከበላ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ፣ ሐኪሙ ሊያስመልሰው ይችላል። ጨው በውሃ በጥብጣችሁ እንዳትግቱት፣ ጨው በራሱ ሊገድለው ይችላል። በራሱ ማስመለስ ከጀመረና አቅም ካጣ በኋላ ብትወስዱት ኩላሊቱ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሊቆም ይችላል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።