ባክዶር ሮት ምንድን ነው? ታክስ ሲሠራስ እንዴት ይገለጻል?

አሜሪካ ውስጥ ለጡረታ በግል ከሚቆጠብባቸው መንገዶች አንዱ ሮት አይ አር ኤ ነው። ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ ይገባበታል፤ ደንቡ ተጠብቆ በጡረታ ዘመን ሲወጣ ትርፉም ጭምር ታክስ አይነካውም። ገቢው ከፍ ላለ ሰው ግን በሩ ዝግ ነው። ለ2025 ዓመት፣ ላላገባ ሰው 165,000 ዶላር፣ በጋራ ፋይል ለሚያደርጉ ባልና ሚስት 246,000 ዶላር ከደረሰ በቀጥታ ማስገባት አይቻልም። ኦቨርታይም የሚሠሩ ሁለት ነርሶች ትዳር ከመሠረቱ ይህን ጣሪያ ሳያስቡት ሊነኩት ይችላሉ።

ባክዶር የተባለው የጓሮ በር ትራዲሽናል አይ አር ኤ፣ ማለትም የሚገባው ገንዘብ ከታክስ ሊቀነስ የሚችልበትና ሲወጣ ታክስ የሚከፈልበት የጡረታ ሒሳብ ነው። የሥራ ገቢ ያለው ሰው የቱንም ያህል ቢያገኝ እዚያ ማስገባት ይችላል፤ ገቢው የሚገድበው ከታክስ ማስቀነሱን ነው። ስለዚህ ለ2025 ዓመት የተፈቀደውን 7,000 ዶላር (50 ዓመት ለሞላው 8,000) ከታክስ ሳያስቀንሱ ያስገቡና ወደ ሮት ያዞሩታል። ማዞር ላይ የነበረው የገቢ ገደብ ከ2010 ጀምሮ ተነሥቷል።

ሰው የሚጎዳው ወረቀቱ ላይ ነው። ገንዘቡ በዞረ ማግስት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከሒሳቡ የወጣውን የሚያሳየው ፎርም 1099-አር ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የወጣው 7,000 ታክስ በሚከፈልበት ሣጥን ውስጥም ተደግሞ ይጻፋል፤ አጠገቡ ግን «ታክስ የሚከፈልበት መጠን አልተወሰነም» የሚለው ምልክት ይደረግበታል። ሒሳቡን የያዘው ድርጅት ታክሱን አስቀድመው መክፈልዎን አያውቅም። ያንን የሚናገሩት እርስዎ ነዎት፣ የሚናገሩትም በፎርም 8606 ነው። ክፍል አንድ ላይ ሳይቀነስ የገባውን፣ ክፍል ሁለት ላይ ወደ ሮት የዞረውን ይሞላሉ። ከዚያ ዋናው የታክስ ፎርም 1040 ላይ መስመር 4ኤ 7,000፣ መስመር 4ቢ ዜሮ ይሆናል፤ ከመዞሩ በፊት ወለድ ከያዘ ወለዱ ብቻ 4ቢ ላይ ይገባል። 8606 ከተረሳ ግን በአንድ ገንዘብ ላይ ሁለት ጊዜ ታክስ ሊከፈል ይችላል። በላብ የተገኘ ገንዘብ እንዲህ ሲሄድ ያሳዝናል።

ታክስ ሠሪዎ እንዲጠይቅዎ አይጠብቁ፣ ራስዎ ይንገሩት። ገንዘብ ማስገባትዎን የሚያሳየው ፎርም 5498 የሚደርሰው አብዛኛው ሰው ፋይል ካደረገ በኋላ፣ ሜይ አካባቢ ነው። ታክስ ሠሪዎ የሚያየው የወጣውን ብቻ ነው። ባልና ሚስትም ሁለቱም ካደረጉ የየራሳቸውን 8606 ይሞላሉ፤ የጋራ አይ አር ኤ የሚባል የለም።

ሌላው ትልቅ ወጥመድ የቆየ ገንዘብ ነው። ከድሮ መሥሪያ ቤት 401ኬ (በአሠሪ በኩል የሚቆጠብበት የጡረታ ሒሳብ) ወደ ትራዲሽናል የተዛወረ፣ ታክስ ያልተከፈለበት 63,000 ዶላር አለዎት እንበል። አዲሱ 7,000 ሲጨመር 70,000 ይሆናል። ጤፍና ገብስ አብሮ ከተፈጨ በኋላ የጤፉን ዱቄት ብቻ ልዝገን አይባልም፤ የአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢው አይ አር ኤስም እንደዚያው ነው የሚያየው። ከሚያዞሩት 7,000 ውስጥ ከታክስ ነፃ የሚሆነው አንድ አሥረኛው፣ 700 ዶላር ብቻ ነው፤ 6,300ው ታክስ ይከፈልበታል። ሂሳቡ የሚታየው ገንዘቡ በዞረበት ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ባለው ቀሪ ስለሆነ፣ አሁን ያሉበት መሥሪያ ቤት 401ኬ የሚቀበል ከሆነ አሮጌውን ከዚያ ቀን በፊት ወደዚያ ማዛወር ይቻላል።

ባለፉት ዓመታት 8606 ሳይሞላ ታክስ ከፍለው ከሆነ፣ ፋይል ካደረጉ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በ1040-ኤክስ አስተካክለው ተመላሽ መጠየቅ ይችላሉ፤ የተረሳውን 8606 አብረው ያያይዙ።