ጀበናውን ጥዶ የሚያድር አለ? የመብራት ሂሳብ ላይ የሰለቹኝ ወሬዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምሠራው። መስመር እዘረጋለሁ፣ ምጣድ እጠግናለሁ፣ ቦይለር እሰቅላለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ሲጠና ግን ሌላ ሥራ ይጨመርብኛል፤ ሰው የመብራት ቢሉን እያሳየ «ኧረ ይሄ እንዴት ይሆናል?» ይለኛል። በተለይ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት። እንጀራው በመብራት፣ ወጡ በመብራት፣ ሻወሩም በመብራት ነው። ጥያቄው አይሰለቸኝም። የሰለቸኝ መልሱን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ቻርጀር ሶኬት ላይ እየረሳችሁ ነው ብሩ የበዛው።» ልጆቹን በከንቱ አትቆጡ። ዲጂታል ቆጣሪያችሁ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፣ አጠገቧም ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ 1600 ከሆነ፣ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጠረ ማለት ነው፤ እኛ «ዩኒት» የምንለው። 10 ዋት የሚወስድ ቻርጀር ስልክ እየሞላ ለብቻው ቢቀር፣ መብራቷ በአራት ደቂቃ አንዴ ገደማ ነው ብልጭ የምትለው። 3,500 ዋት ምጣድ ስትሰኩ ግን በደቂቃ ከ90 ጊዜ በላይ። ቆማችሁ እዩት፣ ዓይን ያጥበረብራል።

«የካርድ ቆጣሪ ይበላል።» አይበላም። ድሮ የበላችሁትን በወሩ መጨረሻ ነበር የምታዩት፣ አሁን እየበላችሁ ታያላችሁ።

«ዘይት ያለው ማሞቂያ ቆጣቢ ነው።» 2,000 ዋት ያው 2,000 ዋት ነው፣ ዘይት ኖረው አልኖረው። ማሞቂያው በዛብኝ ብላችሁ ደግሞ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚለው ወሬ ሰው ይገድላል። ገዳዩ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።

«እንደ በፊቱ ነው የተጠቀምኩት፣ ብሩ ግን ጨመረ፤ ቆጣሪው ተበላሽቷል።» ብርን ከብር ጋር አታወዳድሩ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ደግሞም ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ዩኒት ዋጋም ይጨምራል። የምታወዳድሩት ዩኒቱን ነው፤ ከአሁኑ ንባብ ላይ የበፊቱን ቀንሱ። አንዲት ደንበኛዬ ቢሏ እጥፍ ሆኖባት ስትደውልልኝ ሄጄ አየሁ። ቆጣሪው ከተቆለፈ በር ጀርባ ነው፣ አንባቢው አንድ ወር ሳያየው አልፏል፣ የሁለት ወሩ ባንዴ መጣ። ቢሉ ላይ ያለው ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ከበለጠ ግን ያ እውነተኛ ስህተት ነው። ፎቶ አንሱና ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሂዱ። ከዚያ በፊት ቤታችሁ ያለውን ብሬከር ሁሉ አውርዳችሁ ቀይዋን መብራት ተመልከቱ። ሁሉም ወርዶ እሷ አሁንም ብልጭ ካለች፣ ከእናንተ መስመር ላይ የሚጠቀም ሌላ ነገር አለ።

«መብራቱ ሲደክም ቆጣሪው ይሮጣል።» ይቺ ግማሽ እውነት አለባት። 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው የሚሰጠው። ቆጣሪው እንዲያውም ቀስ ይላል። ግን ምጣዱ እስኪግል ትጠብቃላችሁ፣ እያንዳንዱ እንጀራም አክንባሎው ሥር ይቆያል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙቀቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት አትጋግሩ፣ የሳምንቱንም ባንዴ ጨርሱት። ሦስቴ መጋገር ምጣድን ሦስቴ ማጋል ነው።

«ምድጃውን እስከ መጨረሻ ክፈቺው፣ ቶሎ ይበስላል።» እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው የምንኖረው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አንዴ ከፈላ በኋላ ብትከፍቱትም አይጨምርም። የሚጨምረው እንፋሎቱ ነው። ባቄላችሁ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። ከፈላ ዝቅ አድርጉት፣ ድስቱን ክደኑት። ፕሬዠር ድስት ያላችሁ አውጡት፣ ለማን ትቆጥቡታላችሁ?

አሁን ወደ እኔው ጉድ።

«ቦይለር የሚበላው ሲጠፋና ሲበራ ነው፤ ሁሌ በርቶ ቢቆይ ይሻላል።» ይቺን ከመሃንዲስ ሰምቻለሁ፣ ከሻጭ ሰምቻለሁ፣ እናቴም ብላኛለች። ሰው ለምን እንደሚያምናት ይገባኛል። ጠዋት ሲያበራት ቆጣሪው ሲጣደፍ ያያል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካት ቀጭ ብላ በርታ የጠፋችውን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደገመችውን ግን አያይም፤ ተኝቷል።

50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ዩኒት ገደማ ይፈልጋል። ይሄ የሚታጠቡበት ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ሙቀቱን ወደዚያ ቀዝቃዛ መታጠቢያ ቤታችሁ ይለቃል፤ ይበልጥ በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይለቃል። ከጠፋች እየቀዘቀዘች ስትሄድ የምትለቀውም እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ ጠፍታ ስትበራ ውሃውን መልሶ ለማሞቅ የሚሄደው፣ ሳትጠፋ ብትቆይ ኖሮ ከሚባክነው በልጦ አያውቅም። ለአንድ ሰዓት ማጥፋት ብዙ አይጠቅምም፣ እሺ። ሌሊቱን ሙሉና ቀኑን ሙሉ ግን ሌላ ነው። ነገ ጠዋት ቡና አፈላለሁ ብሎ ጀበናውን ጥዶ የሚያድር አለ?

አንድ ጡረተኛ መምህር ደንበኛዬ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ተከራክረውኛል። አምና ለገና ከነቤተሰባቸው ወደ መሐል ሜዳ ሲሄዱ ተስማማን። ፍሪጁን ባዶ አድርገው ነቀሉ፣ ሌላውን ሁሉ አጠፉ፣ ቦይለሯን ብቻ እንደበራች ተዉ። ንባቡን አብረን ጻፍን። በዘጠነኛው ቀን ሲመለሱ ቆጣሪው 13 ዩኒት ቆጥሯል።

«ጋሼ፣ ማን ታጠበ?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቁጥሩን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ማታ ከመታጠባቸው አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ያበራሉ፣ ጨርሰው ያጠፋሉ። እኔም ከክርክሩ አረፍኩ ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወሉ።

«ስማ፣ ፍሪጁንስ ማታ ማታ ብነቅለው?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱን ተዉት። ሥጋው ይበላሽብዎታል።»