ደብረ ሲና፦ ከግድግዳ ላይ የተለቀመ የከተማ ታሪክ

ደብረ ሲና በሰሜን ሸዋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጣርማ በር ከተባለው የተራራ ማለፊያ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 190፣ ከደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዛሬ የጣርማ በር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጎርጎራ ላይ ደብረ ሲና ማርያም፣ ኤርትራ ውስጥም በዚሁ ስም የሚጠራ ጥንታዊ ገዳም ስላለ፣ መጻሕፍት ውስጥ የኛዋን ደብረ ሲና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላዋን ነው።

ይህ ዳሰሳ በሁለት ነገሮች ላይ ቆሟል። አንደኛው ከአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተልጠው የተነሡ የጋዜጣ ቁራጮች ናቸው። ሁለተኛው፣ ቤቱ ሊፈርስ ሲል ጋዜጦቹ ሲላጡ አጠገባችን ቆመው ያዩ የሰፈር ሽማግሌዎች ያወሩን ነው። ቁራጮቹ አብዛኞቹ ከ1952 እስከ 1964 ዓ.ም. የታተሙ ስለሆኑ ጽሑፉም እነዚያ ዓመታት ላይ ይረዝማል።

አቀማመጥ

ከተማዋ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ገደል ላይ ናት። ሽቅብ ሲወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማ በር አለ፤ ቁልቁል 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ሸዋ ሮቢት ይደረሳል። ጠዋት ጣርማ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይቀመጥበታል። የገበያዋም ሀብት ከዚሁ የመጣ ነው። ከላይ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይወርዳል፤ ከታች ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ይወጣል። በአንድ መደብ ላይ ገብስና ማንጎ ጎን ለጎን ሲሸጥ ማየት ለኛ ተራ ነገር ነበር።

በአቅራቢያዋ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ገና ያልተመናመነ፣ በሸዋ ከተረፉት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ገደሉ የጭላዳ ዝንጀሮ አገር ነው። ጉሙ ደግሞ ቀን በቀን መብራት አስበርቶ መኪና የሚያስነዳ ነው፤ ከተማዋን የሚያውቅ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጉሙን ነው።

ከመንገዱ በፊት

ከታች ያለው ቆላ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወላስማ ነገሥታት ይገዙት የነበረው የይፋት ሱልጣኔት አገር ነው። ከላይ ያለው ደጋ፣ በኋላ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው መንዝን ያስተዳደሩበት ነው። ደብረ ሲና በሁለቱ መካከል ነበረች። አንዳንዶች ከተማዋ ከጣሊያን መንገድ ጋር የተፈጠረች ናት ይላሉ። ሽማግሌዎቻችን ግን ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም ከመንገዱ ይቀድማል ይላሉ፤ ስሟም የቤተ ክርስቲያን ስም መሆኑ የእነሱን ቃል ያጸናል።

ጣርማ በር

ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ የሞተር ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። ከመኪና መንገዱ ሁሉ የሚያስፈራው ጣርማ በር ነበር። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች፣ በስዊድናዊው ሻምበል ቪኪንግ ታም እየተመሩ፣ በሩን ለመያዝ መጥተው ነበር። የዕጩ መኮንኖቹ ጦር በቁጥርም በመሣሪያም ተመጣጣኝ አልነበረም፤ ተበተነ። ያም ሆኖ መንገዱ ፈርሶ ስለነበር የጣሊያን ጦር እስኪጠግነው ድረስ ቆሞ መዋል ማደር ግድ ሆነበት። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ከዕጩ መኮንኖቹ ብዙዎቹ በኋላ ወደ ምዕራብ ሄደው ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር ተቀላቅለዋል። ደብረ ሲና ውስጥ ይህን የሚያስታውስ አንድ ድንጋይ ቢቆም መልካም ነበር።

ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ውስጥ መንገዱን አሠርተው የተራራውን ሆድ ቀደዱት። ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ እስከ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይባላል። ሽማግሌዎች በጉልበት ሥራ ያለቀው የአገሩ ሰው ነው፣ ድንጋይ ተንዶበት የቀረም አለ ይላሉ። የከተማው ሰው «ጣርማ በር ዋሻ» ሲል የሚጠራው ለዚህ ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠራው እንዲሁ ነው። በእነዚያው ዓመታት ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በመንዝ፣ በተጉለትና በመርሐ ቤቴ ሆነው ጠላትን አላስተኙም።

የደቡብ አፍሪካ ጦር በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን እየተከተለ በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን አለፈ። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ቀን ነው፤ ባዶሊዮ ከዚያችው ከተማ በተነሣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ።

የግድግዳ ጋዜጣ

አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀመረ። ከጦርነቱ በፊት ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. የተጀመረው ብርሃንና ሰላም ጠላት ሲገባ ቀርቷል፤ ስለዚህ የደብረ ሲና ግድግዳዎች የሚያውቁት በዋናነት አዲስ ዘመንን ነው።

ጋዜጣው ወደ ከተማዋ የሚደርሰው በአውቶቡስ ነበር። መጀመሪያ የሚያነበው መምህሩ ወይም የወረዳው ጸሐፊ ነው። ከእሱ ወደ ሻይ ቤት ይሄዳል፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ከሻይ ቤት ወደ ሱቅ ይገባና ስኳርና ቡና ይጠቀለልበታል። ከዚያ የቀረው በኪሎ ተሸጦ ወደ ግድግዳ ይሄዳል።

የደብረ ሲና ቤት የጭቃ ነው። ነፋሱ በስንጥቁ ይገባል፣ አቧራው ከግድግዳው ይረግፋል። ለፋሲካ ወይም ለዘመን መለወጫ ሲቃረብ እናቶች ዱቄት በውኃ አፍልተው ሙጫ ይሠራሉ፤ ልጆች ጋዜጣውን ይዘው ይቆማሉ፤ አያቴ በመዳፏ እያሻሸች ትለጥፋለች። ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ፣ ግድግዳው ደግሞ ትኩስ ጋዜጣ ከለበሰ፣ ቤቱ ለበዓል ደረሰ ማለት ነው። በየዓመቱ በአሮጌው ላይ አዲስ ስለሚደረብ ግድግዳው እንደ እንጀራ ይደራረባል። ትኋኑ ከሥሩ ይራባል፤ ያም ሌላ ድርብ ለመለጠፍ ምክንያት ይሆናል።

አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ሆኖም ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ ወደ ምድጃው አታስጠጋም፤ የጃንሆይን ምስል የያዘውን ደግሞ ከእግር ከፍታ በታች አትለጥፍም። ጽሑፉ ተዘቅዝቆ የተለጠፈበት ቦታም አለ። እኛ የልጅ ልጆቿ እነዚያን ለማንበብ አንገታችንን ስናጣምም እንስቅ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ቢሆንም፣ ማንበብ የለመድኩት በዚያ ግድግዳ ነው።

ከ1952 እስከ 1964 ዓ.ም.

ከግድግዳው በጥንቃቄ የተላጡት ቁራጮች 41 ናቸው። የደብረ ሲና ስም የሚገኘው በ6ቱ ብቻ ነው። 4ቱ ስለ መንገዱ ናቸው፦ ናዳ መንገድ ዘጋ፣ የጭነት መኪና ተገለበጠ፣ መንገዱ ተጠግኖ ተከፈተ። 1ዱ የርስት ውርስ ማስታወቂያ ነው። 1ዱ ስለ ጠፋ ማኅተም የሚያስታውቅ ነው። የከተማዋ ሰርግ፣ ገበያ፣ ልቅሶ፣ ጥምቀት አንድ መስመር አላገኘም።

ሌሎቹ 35 ቁራጮች ስለ ከተማዋ የሚናገሩት በሌላ መንገድ ነው። የትኛው ተመርጦ ከዓይን ፊት እንደተለጠፈ ማየት የሰውን ልብ ማየት ነው። በጓዳው በር ትይዩ፣ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የነበረው አበበ ቢቂላ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። አበበ የተወለደው በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ስለዚህ እዚያ ግድግዳ ላይ ያለው እንደ ቤት ልጅ እንጂ እንደ ሩቅ ጀግና አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲደግመው አያቴ ሁለተኛውን ሥዕል ከመጀመሪያው አጠገብ ለጠፈች። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነበር።

ብዙ ቦታ የያዘው ሌላው የሎተሪ ዕጣ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የዕድለኞች ቁጥር በጋዜጣ ይወጣ ስለነበር፣ በመስኮቱ ጎን ያሉት ገጾች ቁጥር ብቻ ናቸው። በጥፍር የተሠመረባቸውም አሉ። ማን እንደሠመረባቸው የሚያስታውስ የለም። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ የጎረቤት ሰው በየወሩ ትኬቱን ይዞ ወደ አያቴ ቤት ይመጣ እንደነበር፣ እሷም ቡና ሳታጠጣ አትሸኘውም እንደነበር አጫውተውናል።

የመንገዱ ዜና ብዛት ከተማዋ ምን እንደነበረች በደንብ ያሳያል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መንገዱ ጠባቂ አገኘ። ከአሰብና ከደሴ የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት እዚህ ይቆም ነበር፤ ውኃ ይጨምራል፣ ጎማ ይመታል፣ ረዳቱ ታኮውን ያዘጋጃል። ፊያት ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ዳገቱን ሲያያዘው ድምፁ ከአርማኒያ መንደር በኩል ይሰማ ነበር ይላሉ። ሾፌር በከተማዋ የተከበረ ሰው ነበር። ደብዳቤ ያደርሳል፣ መድኃኒት ያመጣል፣ በአዲስ አበባ ያለ ልጅ ደህና መሆኑን ይናገራል። ሴቶች ቆሎ ቆልተው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በሰፌድ ደርድረው በአውቶቡሱ መስኮት ሥር ይሮጡ ነበር። ከግድግዳ የተረፈው ጋዜጣ የሚሄደው ወደዚህ ነው፤ በደብረ ሲና የተነበበ ዜና ቆሎ ሆኖ ደሴ ይገባ ነበር።

ጋዜጣው ያላወጣው

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲበረታ ተርበው የተነሡ ገበሬዎች ይህንን መንገድ ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ፖሊስ መንገድ ላይ እያገደ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹ በከተማዋ መግቢያ ላይ ተቀምጠው የነበሩትን፣ መኪና ለማስቆም እጃቸውን የዘረጉትን ሰዎች በዝርዝር ያስታውሳሉ። በሶና ቆሎ የሰጡ ነበሩ፤ መስጠት ያልቻሉም ነበሩ፣ ምክንያቱም ዓመቱ ለኛም ክፉ ነበር። በግድግዳው ላይ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ጋዜጣው የመንግሥት ነበር፣ መንግሥት ደግሞ ረሃቡን ሸሽጎ ነበር። የግድግዳው ምስክርነት እስከዚህ ድረስ ብቻ መሆኑን ማንም አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ አያቴ ያንን ጊዜ የምታስታውሰው በጋዜጣ ሳይሆን፣ ደጃፏ ላይ ባረፈ አንድ ልጅ ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

ከለውጡ በኋላ የነበሩት ገጾች ጥቂት ናቸው። የጃንሆይ ምስል ያለባቸው በፍርሃት ተሸፈኑ፤ በላያቸው የተለጠፉት የአብዮቱ መፈክሮች ከሥራቸው ያለውን ጠብቀው አቆይተውልናል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አያቴ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ተመዘገበች። በሃምሳዎቹ ዕድሜዋ ሳለች የራሷን ግድግዳ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ አንብባ የጨረሰችው የአበበ ቢቂላን ስም ነው።

በወረዳ ክፍፍሉ ማፉድና መዘዞ ይባል የነበረው አገር በኋላ ጣርማ በር ተብሏል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከከተማዋ በታች ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ከ1,000 በላይ ቤቶች ፈራረሱ፣ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ አካባቢዋ ደረሰ።

የአያቴ ቤት የፈረሰው ለብሎኬት ቤት ነው። ግድግዳው ሲላጥ ቁራጮቹ እንዳይቀደዱ በውኃ አራስናቸው፤ ከሥር ያሉት ገጾች ጽሑፋቸው ወደ ኋላ ተገልብጦ ጭቃው ላይ ታትሞ ቀርቶ ነበር። አንደኛዋ ሽማግሌ ወደ ጭቃው ጠጋ ብለው፣ በጣታቸው ፊደሉን ከቀኝ ወደ ግራ እየተከተሉ፣ «ይኸውላችሁ፣ ይኼ የኔም ቤት ነበረ» አሉ። 41ዱ ቁራጮች አሁን በካርቶን ውስጥ፣ በነጭ ወረቀት መካከል ተቀምጠዋል። ማየት የሚፈልግ የከተማዋ ልጅ ሁሉ መጥቶ ያያቸዋል።